አልቀስቅሳት

ሻካራ ያልናት ለድምጿ ነው። ስትዘፍን ጉሮሮዋ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል። እሷም ስሙን ወደደችውና የመድረክ ስሟ ሆኖ ቀረ። እኔ ከበሮ መቺዋ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ ግን ብየዳ ነው። እሷ ደግሞ ከእኔ አጥር ማዶ ባለው ቤት የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። እሁድ እሁድ ስፌቱ ሲዘጋ ሮክ የምንጫወተው እዚያው ነው። ዙሪያውን የተከመረው ስፖንጅ ድምፁን ስለሚውጠው ጎረቤት አይከሰንም። የመጀመሪያውን አልበሟን የቀዳነውም በዚያ ክምር መሃል ነው።

አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሰምቷት መጥቶ ነበር። «ግጥምሽ አንጀት ይበላል፤ ድምፅሽን ግን ትንሽ እናለስልሰው» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ የማለሰልሰው ቆዳ ነው» አለችውና ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅጂውንም፣ ስርጭቱንም ራሷ ያዘችው።

ከዘፈኖቹ አንዱ ስለ ታላቅ ወንድሟ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ፣ አንድ ጠዋት እሷ ተኝታ ሳለ፣ ድንጋይ ሊፈልጥ ወደ ካባ ወጣ፤ ገደሉ ተናደበትና ሬሳው ተመለሰ። ጊታር ያስጀመራት እሱ ነው፤ የምትጫወትበትም የሱ ነበር። «ቃል ሳትተነፍስ ሄድክ» እያለች አዝማቹን ስትጮኸው፣ እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ፀጉሬ ይቆማል። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ቁጣም ነበረበት።

ዘፈኑ ራዲዮ ላይ ወጣ። ስሟ የተሰማውም በሱ ነው። በሳምንቱ እናቷ ስፌት ቤት ድረስ መጡ። ዝምተኛ፣ ነገር በሆዳቸው የሚይዙ ሴት ናቸው። ወንበር ብስብላቸው አልተቀመጡም።

«ታክሲ ውስጥ ሰማሁት» አሉ። «ሹፌሩ አብሮ ይዘፍን ነበር።»

«እማዬ፣ ልነግርሽ አስቤ…»

«ልጄን አደባባይ አታውጪብኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። ሻካራም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ዘፈን መድረክ ላይ አላነሳችውም። ስምንት ዓመት! ሦስት አልበም ሠራን፤ በየከተማው ባሉ ትንንሽ አዳራሾች ዞርን። በደረስንበት ሁሉ ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነው። «እሱ የቤት ነው» ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አንዴ ብግን ብዬ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ስምሽን በገዛ እጅሽ ቀበርሽው እኮ!» ስላት፣ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ጊታሯን መቃኘቷን ቀጠለች።

በኋላ የእናቷ ልብ ደከመ። ሻካራ ጉዞውን ሁሉ ሰርዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። መድኃኒታቸውን ውጠው ትራሳቸውን ከተደገፉ በኋላ፣ «እስቲ ያንን ዘፈን» አሉ።

ሻካራ ጊታሩን ከግድግዳው አውርዳ፣ ያለ ማጉያ፣ በቀስታ ጀመረች። እኔም የወንበሩን ጠርዝ በጣቴ እየመታሁ አጀብኳት። አዝማቹ ላይ ስትደርስ እናቷ እጃቸውን አነሱ።

«ውሸት ነው» አሉ። «ተሰናብቶሽ ነው የሄደው። አልጋሽ ጋ ቆሞ ብርድ ልብስሽን አለበሰሽ፤ ግንባርሽን ሲስም አይቼዋለሁ። ‹አልቀስቅሳት፤ ስታጠና ነው ያመሸችው› አለኝ።»

ሻካራ ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልብሱን ዘመድ ተካፈለው። ጊታሩን አንቺ ወሰድሽ። ያቺ ጠዋት ግን የእኔ ብቻ ነበረች። ሰሰትኩባት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ሻካራ እናቷ መዳፍ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ማድቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

እናቷ በሁለተኛው ወር አረፉ። ዘፈኑን ማረም ግን እንዳሰብነው አልቀለለም። ቃሉን ብትቀይረውም ዜማው እምቢ አለ፤ በቁጣ የተሠራ ዜማ ነዋ። አንድ እሁድ ስፖንጁ ላይ ጋደም ብላ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የተቆጣሁት ምንም ያልበደለኝን ሰው ነው» አለችኝ። በመጨረሻ ሁሉንም አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራችው። ጩኸቱ ቀረ፤ እኔም ዱላዬን ትቼ ከበሮውን በመዳፌ መታሁ።

መድረክ ላይ ስንጫወተው ሰው ግር አለው። «የድሮውን! የድሮውን!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሳ፤ ጥቂቶቹም ወጡ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ስትጨርስ ያጨበጨበ አልነበረም። ፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

የድሮው ቅጂ አሁንም ራዲዮ ላይ ይወጣል። ባለፈው ስፌት ቤት ተቀምጠን ሳለ መጣ። ደስ አይላትም ብዬ ልዘጋው ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት» አለች፣ የሌላ ሰው ዘፈን የምትሰማ ይመስል። «ልጅ ናት፤ አላወቀችም። ትጨርስ።»