አንቺ ወንደሰን

ኦይታን መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ከመልኩ በፊት ድምፁ መጣ፤ ከድምፁ በስተኋላ ደግሞ የበሬ ደወል፣ የውሻ ጩኸት፣ ነፋስ። ድርጅታችን በየወረዳው የከብት በሽታ ዘጋቢዎች አሉት። እነሱ ያዩትን በስልክ ይናገራሉ፤ እኔ ጂንካ ቢሮ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሐኪምና መድኃኒት ይላካል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የገባሁበት ሥራ ነው። ከሰው ጋር ብዙ መቀመጥ ስለማልችልበት ተስማምቶኝ ነበር። ዐይኔን ስጨፍን ኦሞራቴ ወንዝ ዳር እቆማለሁ፣ ወይጦ አስፋልቱ ላይ እቆማለሁ፣ አልዱባ ገበያ መሐል እቆማለሁ።

የኦይታ መልእክት ምንጊዜም አጀማመሩ አንድ ነው።

“አንቺ ወንደሰን፣ ደህና ነሽ? ከብት እያሳለ ነው። ሐኪም ላኪ። ዝም ካልሽ ያልቃል።”

ወንደሰን ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሪዛም፣ ሲናገር ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው። ኦይታ ደግሞ አልዱባ አጠገብ የሚኖር የበና ሰው ነው። በእነሱ ቋንቋ አንተና አንቺ አንድ ቃል ነው። አማርኛን የለመደው በልጅነቱ ገበያው ዳር ካለች አረቄ ሻጭ ደጅ ቁጭ ብሎ ነው። የመጣው ሁሉ “አንቺ ቅጂ፣ አንቺ ጨምሪ” ሲላት ሰማ፤ ቋንቋው ይኼ ነው ብሎ ያዘ። ወንዱም ሴቱም፣ አስተዳዳሪውም በሬውም ለሱ አንቺ ነው።

ጋሽ ወንደሰን ይኼን ይወድለት ነበር። እንግዳ ሲመጣ “በረከት፣ እስቲ የኦይታን አሰማቸው” ይለኛል። “ሚስት አድርጎኛል እኮ። ጥሎሽ ግን እስካሁን አላየሁም” ብሎ ይስቃል።

አምና ከዋናው ቢሮ ሲስተም መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አሉን። ድምፁን ከእኔ ፈጥኖ ይጽፋል፤ ይኼስ ባልከፋ። ጽፎ ሲጨርስ ግን ለተናጋሪው ነጥብ ይሰጣል፤ ለትጋቱ፣ ለግልጽነቱ፣ ለአለቃው ላለው አክብሮት። እኔን የጻፈውን እንድመለከት አስቀሩኝ። ጋሽ ወንደሰን ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ “ሲስተሙ ይመክራል፤ ሰው ይወስናል” የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ግንቦት ላይ የኦይታ ስም ሲስተሙ ላይ ቀላ። በትጋት ከሁሉም ይበልጣል፤ በአክብሮት መጨረሻ ነው። “ወንድ ኃላፊን ሆን ብሎ በሴት ጾታ በመጥራት ያዋርዳል። ያዛል። ያስፈራራል” ይላል። ያስፈራራል ያለው “ዝም ካልሽ ያልቃል” የምትለዋን ነው። ምክሩ ከሥር ተጽፏል፤ ኮንትራቱ እንዳይታደስ።

ነገሩ የቋንቋ ነው ብዬ ለዋናው ቢሮ ጻፍኩ። “አስተያየትዎ ተመዝግቧል” የሚል መልስ መጣ፤ ሰው አንብቦ ሊመልስ በማይችልበት ፍጥነት።

ለኦይታ ደወልኩለት።

“ስማኝ፣ ወንድን አንተ በል። ትልቅ ሰውን እርስዎ በል።”

“አንቺ በረከት፣ አማርኛ ስንት አንቺ አላት?”

“ሦስት።”

“እኔ አንዷን ነው የገዛሁት” ብሎ ሳቀ።

ስለ ኮንትራቱ ስነግረው ሳቁ ቀረ። በዚያ ደመወዝ ሁለት ሴቶች ልጆቹ ጂንካ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ትልቋ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትፈተናለች፤ ታናሿ ገና ዘጠነኛ ናት።

“ትንሿ ትመለሳለች ማለት ነው?” አለኝ።

“አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ና ብቻ።”

በማግስቱ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። አቤቱታው የሚቀርበው ግን ለዚያው ሲስተም ነው። ጋሽ ወንደሰን ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አቆመና ከፈተው። ገንዘብ ያዣችን እትዬ ጥሩነሽ ደረሰኝ ልታስፈርም ገብታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

“ተናገር ኦይታ” አለ ጋሽ ወንደሰን። “ሁሉም ይቀዳል።”

ኦይታ ታብሌቱን አየት አድርጎ በጣቱ ወደ ዳር ገፋው።

“ለሱ ምን እናገራለሁ? አንቺ አታውቂኝም?”

“እኔማ አውቅሃለሁ። ችግሩ የኔ ማወቅ አይደለም።”

“የማን ነው?”

“የሲስተሙ።”

“ሲስተሙ አልዱባ መጥቶ ያውቃል?”

“ምን ሊሠራ ይመጣል።”

“አንቺ መጥተሻል። መኪናሽ ጭቃ ይዟት ቤቴ አድረሻል። ያን ጊዜም አንቺ ነው ያልኩሽ። ተቆጣሽ?”

ጋሽ ወንደሰን ሪዙን ዳበሰ። “አልተቆጣሁም።”

“እንግዲህ አንቺ ፍረጂ።”

ጋሽ ወንደሰን ታብሌቱን ወደ ራሱ ሳበ። እኔ ያኔ አፌን ከፈትኩ። “ጋሼ፣ ‘አልስማማም’ የሚለው ቁልፍ እኮ እዚያው ነው፤ በግራ በኩል።”

“የት እንዳለ አጣሁት? ከምክሩ የወጣ ሥራ አስኪያጅ የራሱ ስም እንደሚቀላ አንተም ታውቃለህ። እኔም ነጥብ አለኝ። ወደ ሐዋሳ ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ እዚያ ያለው ቤተሰቤ ነው።”

“ጽሑፉን እኮ እርስዎ ነዎት የለጠፉት” አለች እትዬ ጥሩነሽ ወደ ግድግዳው እያየች። “ሰው ይወስናል ይላል።”

“አንቺ ደረሰኝሽን ያዢ።”

“ይዣለሁ። የሚወስነው ሰው እስኪመጣ ነው የቆምኩት።”

ጋሽ ወንደሰን ጣቱን ታብሌቱ ላይ አሳረፈ። በግራ አልነበረም። “ተስማምቻለሁ” የሚለው አረንጓዴ ሆነ። ድምፅ አልነበረውም፤ እኔ ግን አንድ ነገር ሲንኮታኮት የምሰማ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጆሮ አለኝ፤ አይጠቅምም።

ኦይታ እኔንና ጋሽ ወንደሰንን አፈራርቆ አየን። ማንበብ አይችልም። “ምን አልሽ?” አለው።

“ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቃል ኦይታ። ከኔ አይደለም።”

ኦይታ ተነሣ። ባርኔጣውን አደረገ፤ የድርጅቱ ስም ያለበት ነው። ቆይቶ አወለቀውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

“እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው አንቺ ያልኩሽ” አለ። “በረከት ነግራኛለች። ዛሬ ግን አልተሳሳትኩም።”

ጋሽ ወንደሰን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

“የለም ኦይታ፣ ዛሬም ተሳስተሃል” አለች እትዬ ጥሩነሽ። “ሴት ብትሆንማ ትፈርድልህ ነበር።”

መንገድ ለቀቀችለትና ወጣ። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁት፤ ወደ መናኸሪያው ሳይሆን ልጆቹ ወደተከራዩበት ሰፈር ነው የዞረው። ፈጠን ብሎ የጀመረ ሰው ነበር፤ ሜዳውን ሲያጋምስ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ለትንሿ ምን ብሎ እንደሚጀምርላት ሳስብ ቆየሁ።

“ቀድቶታል?” አለኝ ጋሽ ወንደሰን ከኋላዬ።

“ምኑን ጋሼ?”

“መጨረሻ ላይ ያለኝን።”

“ቀድቶታል።”

“ዋናው ቢሮ ሊሰማው ነው በለኛ። ምን ብሎ ጻፈ? አንብብልኝ እስቲ።”

ታብሌቱን አነሣሁ። “‘ሠራተኛው ኃላፊውን በሴት ጾታ ሲጠራ የነበረው ተሳስቶ መሆኑን በራሱ አንደበት አምኗል። አቤቱታው ተዘግቷል’ ይላል።”

“እንደዚያ አለ?”

“ቀጥሎ ያለውን ትቶታል። ዛሬ አልተሳሳትኩም ያለውን።”

ጋሽ ወንደሰን ይኼን አልሰማም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

“ይኸው” አለ። “ራሱ አምኗል።”