መነጽር ሠሪውና ቱርቦ ተራራ ሲወጡ

ባልየው መነጽር ሠሪ ነው። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ደንበኞቹ «ዶክተር» ይሉታል፤ አይደለሁም ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ካስተባበለ በኋላ ሰልችቶት ተወው። ሚስትየዋ ደግሞ የአንድ ዳቦ ቤት ዳቦ የምታከፋፍል ሹፌር ናት። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች «ቱርቦ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ስሙ አላግባብ አልወጣላትም፤ ዳቦው ትኩስ ሆኖ ካልደረሰ ጨርሶ የደረሰ አይመስላትም።

ከተጋቡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አብረው ከከተማ ወጥተው አያውቁም። እሷ ከሥራ ስትመለስ እሱ ሱቅ ይከፍታል፤ እሱ ሱቅ ሲዘጋ እሷን እንቅልፍ ጥሏታል። የእሷ እረፍት ማክሰኞ ነው፣ የእሱ እሑድ። አንድ ልጃቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ አፏ የተፈታው ልጃቸው፣ እናንተ የተጋባችሁት በደብዳቤ ነው እንዴ እያለች ትቀልድባቸዋለች።

ታዲያ ባለፈው በጋ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተሰነጠቀና ሥራ ስድስት ቀን ቆመ። ቱርቦ በዚያኑ ዕለት ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጉዳዩን ጨረሰችው። ሦስቱን የተራራ ከተሞች ያያሉ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ያቋርጣሉ፣ ሐይቁ ዳር ምሳ በልተው ይመለሳሉ። እሱ ሱቁን ይዝጋ።

ባልየው እሺ አለ። አፉ እሺ ቢልም ልቡ ግን እምቢ ብሏል። ሰውየው ከፍታ ይፈራል። ፍርሃት ቢባል ቀላል ፍርሃት አይደለም፤ ወንበር ላይ ቆሞ መጋረጃ መስቀል እንኳ ያዞረዋል። ሚስቱ ይህን አታውቅም። ቤት ውስጥ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ጉልበቱን ያመዋል፣ መሰላሉ ላይ የምትወጣው እሷ ናት፤ እሷም የባሏ ጉልበት ነገር ሁልጊዜ ያሳስባት ነበር።

መሪውን የያዘችው ቱርቦ ናት፤ እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም። ሜዳውን ሲጨርሱ መንገዱ እንደ ተፈታ ቀበቶ በተራራው ወገብ ላይ ይጠማዘዝ ጀመር። ባልየው የመጀመሪያውን ገደል በቀኙ አየና ዓይኑን ጨፈነ። የሞተር ድምፅ እንቅልፍ ያመጣብኛል አለ። እሷ፣ ፏፏቴው እንዴት እንደሚያምር፣ ደመናው ከበታቻቸው እንደቀረ ትነግረዋለች። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ «አዎ፣ ያምራል» ይላል።

የመጀመሪያው ከተማ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ ጋር እኩል የሆነበት፣ መንገዱ ሁሉ ደረጃ የሆነ ከተማ ነው። መግቢያውን ቱርቦ ሁለት ጊዜ ስታልፈው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ታፔላ አልነበረም እንዴ ብሎ ቢጠይቃት፣ ታፔላ ማንበብ የነቃ ሰው ሥራ ነው ብላ አፉን አስያዘችው። ባረፉበት ፔንሲዮን የተሰጣቸው ክፍል በረንዳው ገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ባልየው አልጋውን ከመስኮቱ አርቆ ግድግዳ ላይ አስጠጋውና ነፋስ አይስማማኝም አለ።

ሁለተኛው ከተማ ሲደርሱ ነገሩ መረረ። ምግብ ቤት ተቀምጠው ሾርባ አዝዘዋል። ቱርቦ እንደ ልማዷ የቀረበውን ዳቦ በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ገምሳ አሽትታ፣ የትናንት ነው ብላ ፈረደች። ከዚያ ፍርዱ ወደ ባሏ ዞረ።

«ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄ ነው ይህን መንገድ አብሬህ የመጣሁት» አለችው። «አንተ ግን እንደ ዱቄት ጆንያ ተጋድመህ ትሄዳለህ። ዱቄት ብጭን እኮ ቢያንስ ክፍያ አለው።»

እውነቱን ሊነግራት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የታመመን ጉልበት በአንድ ሾርባ ላይ እንዴት ያድኑታል? ጎንበስ ብሎ ሾርባውን ጠጣ። እሷም አኮረፈች፤ እስከ ማግስቱ ድረስ ጨው አቀብለኝ እንኳ አልተባባሉም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፓርኩ በር ደረሱ። የፓርኩ ጠባቂ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ባርኔጣዋ ከትከሻዋ የሚሰፋ ሴትዮ ናት። ከፊት መንታ መንገድ እንዳለ፣ ግራው ሐይቁ ዘንድ እንደሚያደርስ፣ ቀኙ አሮጌው መንገድ ናዳ የዘጋው መሆኑን፣ ታፔላም እንደተተከለበት በዝርዝር ነገረቻቸው። ቱርቦ ግን ኩርፊያዋን እያመነዠከች ስለነበር ሐይቅ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሰማችው። መንታው ላይ ሲደርሱ ባልየው እንደተለመደው ዓይኑን ጨፍኗል። እሷ ቀኙ መንገድ የተሻለ መሰላት፣ በዚያው ሄደች።

መንገዱ እየጠበበ መጣ። አስፋልቱ አለቀና ጠጠር ሆነ። መሳሳታቸው ገብቷታል፤ ባሏን ቀስቅሳ ተሳሳትኩ ከማለት ግን ሞቷን መረጠች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ነዳችው። ሦስተኛውን ኩርባ ስትዞር ቤት የሚያህል ድንጋይ መሀል መንገድ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ባዶ አየር። መኪና ማዞሪያ ቦታ የለም። ፍሬን ያዘች።

«ውረድና ኋላዬን እየው» አለችው። «አራት መቶ ሜትር ያህል በኋላ ማርሽ መውረዴ ነው።»

ባልየው ዓይኑን ገለጠ። በእሱ በኩል ከበሩ ሥር አንድ ጫማ የምታህል መሬት አለች፣ ከዚያ በታች ሸለቆው ነው። ሁለት እጁ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

«አልችልም» አለ።

«ጉልበትህን ነው?»

«ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ከፍታ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ተኝቼም አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት።»

ቱርቦ ሞተሩን አጠፋች። የሚቆጣ ፊት አልነበራትም። መሪው ላይ ተደፋችና ለመሪው የምትናገር ያህል ቀስ ብላ፣ «እኔም ታፔላውን አላየሁትም» አለች። «እንዳለ እንኳ አላወቅሁም። ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ፊደል ሁሉ ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

መነጽር ሠሪው ዘወር ብሎ ዓይኗን አየ። የሠፈሩን ሰው ሁሉ ዓይን መርምሯል። የጎረቤትን አያት፣ የመንገድ ጠራጊውን፣ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሳይቀር መርምሯል። አጠገቡ የምትተኛዋን ግን አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አስቀምጧት አያውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መሪውን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ።»

ባልየው የገደሉን ዳር ለአፍታ ረሳው። በመነጽር የሚነዱ ስንት ሹፌር ደንበኞች እንዳሉት፣ በጣቱ ቆጥሮ የማይጨርሳቸው መሆኑን፣ ሩቅ ማየት የሚያስችል ቀላል ሌንስ እንደሚበቃት አስረዳት። ድምፁ የሱቁ ድምፅ ሆነ። እሷ እሱን ስትሰማ ከመሪው ላይ ቀና አለች። እሱም መናገሩን ሲጨርስ እጁ መያዣውን ለቅቆ ነበር።

«እንግዲህ ሹፌሯ ሩቅ አታይም፣ ረዳቱ ገደል ይፈራል» አለ። «እስኪ በእንዲህ ዓይነት ጥንድ እንሞክረው።»

በእሱ በር መውጣት አይሞከርም። እሷ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደችለት፣ እሱ በማርሹ ላይ እንደ ሕፃን በአራት እግሩ ተሻግሮ በእሷ በር ወጣ። ከመኪናው ኋላ ዞሮ በገደሉ በኩል ቆመ፤ ከዚያ በቀር የቀኙን የኋላ ጎማ ማየት አይቻልም። ሌላ ነገር አላይም ብሎ ለራሱ ማለ፤ ጎማውን ብቻ። «ና» ይላል፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል። «ግራ። ትንሽ። ቁም።» አሥር እርምጃ ያህል ወርደው ያርፋሉ። እሷ በስፖኪዮው ውስጥ የምታየው የባሏን ነጭ ሸሚዝና የሚወዛወዝ እጅ ነው፤ ያንን ተከትላ ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ ጠጠር ከጎማው ሥር አምልጦ ገደል ገባ። ሲያርፍ አልተሰማም። ባልየው ድንጋይ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበና እንደገና «ና» አለ። ከላይ አለቱ ላይ አራት የዱር ፍየሎች ቆመው፣ አንድ እግራቸውን ሳያነሱ ይህን ሁሉ ይመለከታሉ።

አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። መንታው ላይ ሲደርሱ ባልየው መንገዱ መሀል ቁጭ አለ። ሚስቱ ሮጣ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሸሚዙ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። ሳቅ መጣባት፤ እሱም ሳቀ፣ ሁለቱም ዕንባ እስኪያመጡ ሳቁ።

የፓርኩ ጠባቂ በሞተር ብስክሌት እየከነፈች የደረሰችው ያኔ ነው። አሮጌውን መንገድ ሲይዙ ከሩቅ አይታቸው ኖሯል። ከጭንቅላታቸው በላይ የተሰቀለውን፣ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ታፔላ እያሳየች፣ «ይሄን አላያችሁትም?» ብላ ጠየቀች።

«እሷ አልታያትም» አለ ባልየው። «እኔ አላየሁትም።»

ጠባቂዋ ልዩነቱ አልገባትም። ሰው ከዚያ መንገድ እያለቀሰ ነው የሚመለሰው፣ ሲስቅ የተመለሰ አላየሁም ብላ፣ ባርኔጣዋን አስተካክላ ከፊት እየመራች ሐይቁ ዳር አደረሰቻቸው።

ወደ ሦስተኛው ከተማ ሲሄዱ ቱርቦ በዝግታ ነዳች። ባልየው ዓይኑን ገልጦ ታፔላ ያነብላታል፤ ገደል ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል እንጂ ንባቡን አያቋርጥም። እዚያ አንድ የሙያ ባልደረባ አገኘና ወንበሩንና የሌንስ መሞረጃ ማሽኑን ለግማሽ ቀን ለመነው። ሚስቱን ከፊደል ሰሌዳው ፊት አስቀምጦ ሌንስ እየቀያየረ ጠየቃት። ሌንሱን ራሱ ሞርዶ፣ ራሱ ክፈፍ ውስጥ ገጠመው። ቱርቦ መነጽሩን አድርጋ በሩ ላይ ወጣችና ረጅም ጊዜ ተራራውን አየች።

«ዛፎቹ ለካ ለየብቻ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ ዝም ብሎ አረንጓዴ መስሎኝ ነበር።»

ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ሲመለሱም ላብ አጠመቀው። አሁን ግን ሲብስበት ይነግራታል፣ እሷም ፍጥነቷን ቀንሳ ስለ ዳቦ ቤቱ ሐሜት ታወራለታለች፤ ከምድጃ ሠራተኞቹ ማን ማንን እንደሚያኮርፍ አሁን ከእሷ እኩል ያውቃል።

ቤት ሲገቡ ልጃቸው ፎቶዎቹን ስትገላልጥ ግራ ገባት። አባቷ በሁሉም ላይ የሆነ ነገር ጨብጧል። እዚህ ዛፍ፣ እዚያ የበረንዳ ብረት፣ በአንዱ ላይ የጠባቂዋን ክንድ። ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀች። እናቷ ግን መነጽሯን አስተካክላ፣ ማዶ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ትመለከታለች። ከወዲያኛው ክፍል ደጃፍ ሆና፣ የሚመጣው ዓመት የእረፍት ቀኖቿን እያነበበች ነው።