በዝግባዎቹ ላይ ብረት ያሳረፈ

«ደግሞ በዚህ መጣህ?» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ስልኩን ከጆሯቸው ላይ አጣብቀው። ከወንዝ ማዶ፣ ለተዝካሩ በተጣለው ዳስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ወደሳቸው ዞረ።

ከስልኩ ወዲያ የሚጮኸው ዘመኑ ነበር፣ የጓሳ በር ማዘጋጃ ቤት ሹም።

«አባ፣ በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፣ ይስሙኝ! ዳር ያለው ዝግባ ወደቀ። ውዴ ከግንዱ ሥር ናት። ነፍሷ አልወጣም፣ ትናገራለች። ሰዉ ግዝትዎን ፈርቶ ምሳር አላነሣም አለ። እዚሁ በስልክ ‹ፈትቻለሁ› ይበሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማቸዋለሁ።»

«ድምፁን ከፍ አድርገህ!» ቄሱ ሳቁ። «ቀድተህ በሞንታርቦ ልታዞረው ነው? አይ ዘመኑ! በል ልጄ፣ ዛሬን እንኳ ለሙታን ተውልኝ።»

ዘመኑ «እውነቴን ነው አባ» ሲል ዘጉበት። መልሶ እንዳይረብሻቸውም ስልኩን ጨርሰው አጠፉና ከካባቸው ኪስ ከተቱት።

ቄሱን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ዘመኑን ቢያውቀው ጥሩ ነው። ከጓሳ በር ጊዮርጊስ ቅጥር ውጭ፣ በመንገዱ ዳር፣ ማን እንደተከላቸው የማይታወቅ ዝግባዎች ተሰልፈዋል። ከአርብ ገበያ በእግሩ የሚመጣ ሰው ከተማዪቱን ከማየቱ በፊት እነሱን ያያል። ዕድር የሚሰበሰበው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ጉሊት የሚዘረጋው ከሥራቸው ነው። መንገዱ ይስፋ የተባለ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ሊቆርጣቸው ግንዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። የከተማው ሰው አቤት ብሎ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ፣ ባለፈው ዓመት በግንቦት ጊዮርጊስ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ተሸክመው ከደጀ ሰላሙ ተንበረከኩ። ከፊት የነበረችው ውዴ ናት፣ ከዳሩ ዝግባ ሥር ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው።

«አባ፣ እኛ ጉልበት የለንም» አለች። «እርስዎ ግን መስቀል አለዎት።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው፣ መስቀላቸውን ወደ ዛፎቹ ዘርግተው፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ገዘቱ። «በእነዚህ ዛፎች ላይ ብረት ያሳረፈ፣ ገመድ የሳበባቸው፣ እንጨታቸውን ያነደደ፣ እሱም ልጆቹም ውግዝ ከመ አርዮስ!» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዝግባዎቹ ምሳር የሚያነሣ እጅ ጠፋ። ከንፋስ መውጫ የሞተር መጋዙን ይዞ የመጣው ዘካርያስ እንኳ ወሬውን ሲሰማ፣ የመጣበትን ባጃጅ ሳያሰናብት ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቄሱ በዚያ ግዝት ኮርተው ነበር። ብዙ ዘመን አስተምረው፣ ቀድሰው፣ አስታርቀው ያላገኙትን ስም በአንድ ቃል አገኙ። ለሰማዕቱ ነው ይበሉ እንጂ ስማቸው ሲነሣ ደስ ይላቸዋል፤ ሰው ናቸውና።

ዘመኑ ግን አልተኛም። አንድ ጊዜ ከሀገረ ስብከቱ ትእዛዝ መጣ አለ፤ ቢጣራ ውሸት ሆነ። ሌላ ጊዜ ዳር ያለው ዝግባ ውስጡ በስብሷል፣ ባለሙያ አይቶታል ብሎ አስወራ፤ ባለሙያ የተባለው የገዛ አክስቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አልሆን ሲለው ቆፋሪ መኪና አስመጣና ከዛፎቹ ጥግ ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ። ቄሱ ሮጠው ሲደርሱ «ምነው አባ፣ እኛ የነካነው አፈር ነው፤ ግዝትዎ አፈር አላለም» ብሎ መለሰላቸው። ያን ቀን ከቦዩ ግድግዳ የተበጣጠሰ ሥር ተንጠልጥሎ ታይቷል። ከዚያ ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡም ወረደ።

እንግዲህ ቄሱ ስልኩን ሲዘጉ በልባቸው የነበረው ይህ ሁሉ ነው። ወጉን ለማዕዱ አቀረቡት። የዘመኑን ድምፅ እያስመሰሉ «ነፍሷ አልወጣም፣ ትናገራለች!» ሲሉ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የሟቹ ልጅ ካሣሁን ጠላ እየቀዳ «አባታችን እያሉ ማን ይነካናል!» አለ።

ያልሳቀችው የሟቹ ሚስት ተዋበች ብቻ ናት።

«እውነት ቢሆንስ፣ አባቴ?» አለቻቸው፣ ከጥቁር ነጠላዋ ውስጥ።

«ዘመኑና እውነት መቼ ተገናኝተው!»

ደግሞ ተሳቀ። ቄሱ ግን ጠላውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ከዘመኑ ድምፅ ኋላ የሰሙት የሴቶች ጩኸት ጆሯቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። የገበያ ጫጫታ ነው አሉ ለራሳቸው፤ በገበያ ቀን ምን የማይጮህ አለ? ይህን ብለው ማዕዱን ባረኩ፣ ስለ ሟቹ ነፍስ ጸለዩ፣ ቀመሱም።

ማዕዱ ሊነሣ ሲል ደሳለኝ ደረሰ። ደሳለኝ የጊዮርጊስ ዘበኛ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ሲሮጥ ያየው የለም። አሁን ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በቅሎ በልጓሟ እየጎተተ፣ ከዳሱ ደጅ ቆመ። እጅ አልነሣም፣ ቤት ለእንቦሳም አላለም።

«አባ፣ ስልክዎን ምነው ዘጉት?» አለ። «ውዴ እኮ ከዛፉ ሥር ሆና እርስዎን ትጠብቃለች።»

ቄሱ ተነሡ፤ ጫማቸውን አጥተው ሲደናበሩ ተዋበች ከእግራቸው ሥር አድርጋ አቀረበችላቸው። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

መንገዱ በገብሱ ማሳ መሐል ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና አቀበት ይሆናል። በቅሎዋ ደክማለች፤ ጭቃው ያንሸራትታታል። ደሳለኝ ከኋላ እየገፋ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ የሆነውን ነገራቸው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ውዴ ዝናቡ አባራ ብላ ጉሊቷን ስትዘረጋ፣ ዛፉ ድምፅ ሳያሰማ ከቦዩ በኩል ጋደል አለ፣ ከዚያ ወደቀ። ግንዱ ከወገቧ በታች ይዟታል። ጭንቅላቷ ነፃ ነው።

«ሌላ ሰው አልነበረም?» አሉ ቄሱ።

«የት ይኖራል አባ። ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ገበያው ትናንት አልፏል።»

ቄሱ በበቅሎዋ ላይ ጎበጡ። ቀኑን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ጧት የቅዳሜን ጸሎት አድርሰዋል። ያ ጩኸት የገበያ እንዳልነበረ ጆሯቸው ሲሰማ ያውቅ ነበር። እያወቁ ነው የዘጉት፤ ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወታቸው አላሰቡም።

አፋፉ ላይ ሲወጡ ስልኩን ከፈቱት። ደሳለኝ ለዘመኑ ደወለላቸው። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም አለች የስልኩ ሴትዮ። ደገሙ፤ ያንኑ አለች። ከተማዪቱ ከማዶ ትታያለች፤ ከዝግባዎቹ ሰልፍ ዳር ላይ ሰማይ ይታያል፣ ዛፍ የነበረበት። ቄስ ወልደ ገብርኤል ከበቅሎዋ ወርደው መስቀላቸውን አነሡ።

«ፈትቻችኋለሁ!» ብለው ጮኹ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ! ቁረጡት!»

ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። የሰማቸው ደሳለኝ ብቻ ነው። ደሳለኝ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ «ይውጡ አባ፣ እንሂድ» አላቸው በለሆሳስ።

ሲደርሱ ሕዝቡ ዛፉን ከቦታል። ወንዶች በሞፈር፣ በምሰሶ፣ በመንሽ እንጨት ግንዱን ሊያነሡ ይታገላሉ፤ ሴቶች በእጃቸው አፈር ይምሳሉ፣ ጥፍራቸው ደምቷል። ብረት የሚባል ነገር ግንዱን አልነካም፤ ምሳሮቹ ሁሉ ራቅ ብለው ከቅጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ዘካርያስም አለ። ለባሕር ዛፍ ቆረጣ ከተማው ውስጥ ሰንብቶ ኖሮ መጋዙን ይዞ መጥቷል፤ ግን አላስነሣውም። ልጆች አሉት።

ይርዳው፣ የውዴ ባል፣ በሆዱ ተኝቶ ቅርንጫፎቹ መሐል ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቷል። እጇን ይዟል።

«መጡ! አባ መጡ!» አለ ሰዉ። መንገድ ተከፈተላቸው።

ቄሱ የመፍቻውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው የሳቸው አልመሰለም። ቃሉ ሳያልቅ የዘካርያስ መጋዝ ጮኸ። በግዝት የከረመው ዝግባ አፍታ አልፈጀም፤ ጎመዱት፣ አንከባለሉት፣ ውዴን አወጧት። ይርዳው እጇን አልለቀቀም። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ከንፈሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አፏን ዘጉላት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አሮጊቷ፣ ለማንም ሳይሆን።

ይርዳው አላለቀሰም። ቄሱን ቀና ብሎ አያቸው፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፣ ለቄሱ የባሰውም ይኸው ነበር።

«ምሳር አንሥቼ ነበር፣ አባ» አለ። «የመጣው ይምጣ ብዬ። እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹አባ ሳይፈቱት እንዳትነካው፤ ልጆቼን ውግዝ አታድርግብኝ። ይመጣሉ፣ ትንሽ ጠብቅ› አለችኝ። እስኪደክማት ድረስ ይመጣሉ እያለች ነበር።»

እዬዬው ተነሣ። በዚህ መሐል ዘመኑ የቄሱን ክንድ ይዞ ከቅጥሩ ጥግ ወሰዳቸው። ልብሱ በጭቃ ተለውሷል፤ እሱም በእጁ ሲምስ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ኔትወርክ እምቢ አለኝ ብያቸዋለሁ» አላቸው በሹክሹክታ። «በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ንግግራችንን የሰማ የለም፤ እንዳገኘሁዎት የሚያውቅ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እርስዎም ስለ ቦዩ ነገር አያንሡ። እኔም ልጆች አሉኝ። የቀሩትን ዛፎች እንደተፈቱ ይተዉልኝ፤ ሁለታችንም ይብቃን።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል የዚህን ሰው ፊት ዓመቱን ሙሉ ሲጠሉት ኖረዋል። አሁን ሲያዩት እንደሳቸው የፈራ ሰው ነው። ከሁሉ የገረማቸው ሐሳቡ እፎይታ የሰጣቸው መሆኑ ነው። ዝም ማለት ይቻላል። ኔትወርክ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ከዳሱ ሰዎች ወሬው እስኪመጣ ድረስም ቢሆን ቀብሩ ያልፋል፣ ፍትሐቱን እሳቸው ራሳቸው ይፈታሉ፣ ሰው መስቀላቸውን ይሳለማል።

«አባ!» ብሎ ተጣራ ይርዳው። የውዴን ራስ ከጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ፈትተውታልና መልሰው ይገዝቱት። የቆሙትን ይግዘቱልኝ። ለነሱ ብላ ድንጋይ ተሸክማለች። አሁን ከተቆረጡማ በከንቱ ሞተች ማለት ነው።»

«ይገዝቱት!» አለ ሌላውም። «ይገዝቱት አባ!»

ሰዉ ተንበረከከ። እንደዚያ ቀን ነው፤ ውዴ ብቻ ከፊት የለችም። ቄሱ መስቀሉን አንሥተው ቃሉን ቢሉት ዝግባዎቹ ይተርፋሉ፤ ሰዉ አምኗቸዋል። ነገር ግን ለዲያቆናቱ ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው ናቸው፤ ነፍስ የጠፋበት እጅ አይባርክም፣ አያስርም፣ አይፈታም። ባዶ ቃል ነው የሚሆነው። ባዶነቱን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ አይኖርም፤ ዛፎቹም ባዶ ቃል ይበቃቸዋል።

መስቀሉን እስከ ደረታቸው አነሡት። ይርዳው ራሱን ዝቅ አደረገ፣ የሟቿንም ግንባር በእጁ ሸፈነ፣ ለቡራኬ እንደሚደረገው። ይህን ሲያዩ ክንዳቸው ወረደ።

«ይርዳው» አሉ። «ዘመኑ ደውሎልኛል። አግኝቶኛል። ትናገራለች፣ በሕይወት አለች ብሎኛል። እኔ ግን ውሸት ነው ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ምሳ በላሁ።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ ለቅሶው ከዳር እስከ ዳር እየቀነሰ ሄደ፣ ጨርሶም ቆመ። የተንበረከኩት አንድ አንድ እያሉ ተነሡ፤ አቧራ የሌለበትን ልብሳቸውን አራገፉ። ቄሱን የተሳደበ የለም። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር።

ይርዳው የውዴን ራስ አንሥቶ ለአሮጊቷ ጭን ሰጠ። ቀስ ብሎ ቆመ። ወደ ቄሱ የሚሄድ መስሏቸው ደሳለኝና ሌላ ሰው ከመሐል ገቡ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው አልፏቸው ወደ ቅጥሩ ሄደ። ከተደረደሩት ምሳሮች የራሱን ፈልጎ አነሣ። ከቆሙት ዝግባዎች የመጀመሪያው ሥር ደርሶ፣ እግሩን አመቻችቶ፣ መታው። ደግሞ መታው። ቅርፊቱ ተፈናጥሮ ከሴቶቹ እግር ሥር ወደቀ።

«አባ፣ ይከልክሉት እንጂ!» አለች አንዲት ሴት እያለቀሰች።

ቄስ ወልደ ገብርኤል አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉን ያውቁታል፤ ግን የሳቸው አልነበረም። ዘመኑ መሬት መሬቱን ያያል። ሰዉ ከይርዳው ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ይርዳው ሲያይ ቆየ፤ አንድም እጅ ምሳሩን ሊይዝ አልተዘረጋም።

ይርዳው ላቡን በክንዱ ጠርጎ ዞረ። መጋዙን እንደታቀፈ የቆመውን ዘካርያስን አየው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው።