እናቴን የተጋራችኝ ጎረቤት

እናቴ ከጎሬ ጋምቤላ የወረደችው እኔን ልታርስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም ተነስቶ ሽታዬ ቅናተኛ ናት እንዳይለኝ ነው። ቀናሁ ካላችሁም በገዛ እናቴ ነው የቀናሁት፤ በሰው እናት አልቀናሁም። እስቲ ነገሩን ስሙና ፍረዱኝ።

ዘመኑ ሰባ ስድስት፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሽር ጉድ ይላል። ባለቤቴ ተሰማ አስተማሪ ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቶም እረፍት የለውም፤ ተማሪዎቹን ሰልፍ ሲያለማምድ ይውልና ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይገባል። እኔ ደግሞ የመውለጃዬ ወር ገብቷል። እግሬ አብጦ ከተሰማ ሸበጥ በቀር የሚገባኝ ጫማ የለም። በዚያ ሙቀት ሁለት ነፍስ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የጋምቤላ ሴት ትንገራችሁ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በዚያው ቤት ነው፣ ብቻዬን። ተሰማ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ገብቶ ነበር፤ እናቴም አባቴን እያስታመመች ልትመጣልኝ አልቻለችም። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ በትኩሳት ሄደብኝ። ለቅሶዬን እንኳ የደረሰችው ዘግይታ ነው። አፍ አውጥቼ አልወቀስኳትም፤ ሆዴ ግን ያዘው። ሁለተኛውን ሳረግዝ ወደ ጎሬ በሚሄድ ሰው ሁሉ የላክሁባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምንም አታምጪልኝ፣ ምጥ ሲይዘኝ እጅሽን ልያዝ፣ ይኸው ነው ያልኳት።

መጣችልኝ። የቡሬን ቁልቁለት በጭነት መኪና ላይ ወርዳ፣ ቅቤዋን በቅል፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ ለስላሳ መጠቅለያዎቿን በዘንቢል ይዛ ስትገባ አቅፌያት አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ሰሞን ንግሥት ነበርኩ። እግሬን ታሸኛለች፣ ወገቤን ትደግፈኛለች፣ ሆዴን በቅቤ እያሸች ለሕፃኑ ታወራለታለች። ደስታዬ አልበረከተም እንጂ።

ከአጥራችን ወዲያ ኛቢየል የምትባል ኑዌር ትኖር ነበር። ረጅም፣ ጥርሷ የሚያምር፣ ገና ልጅ ናት። እሷም የመጀመሪያዋን አርግዛ እንደኔው ወሯ ገብቷል። ባሏ ማቻር ኢታንግ በስደተኞች እህል መጋዘን ስለሚሠራ ሳምንቱን ሙሉ ቤት የለም። በእነሱ ወግ ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። የኛቢየል እናት ግን ከማታር ወዲያ፣ ከድንበሩ ማዶ ናት፤ ማዶው ደግሞ ጦርነት ነው። መሄድም መምጣትም የለም። ይህን ሁሉ ማቻር ለተሰማ አጫወተው፣ ተሰማ ለኔ ነገረኝ፣ እኔም ወሬ አሳመርኩ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በማግሥቱ እናቴ በሸምበቆው አጥር ቀዳዳ ሾልካ እዚያ ገባች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እግሯ አልተመለሰም። ጠዋት ለኔ ቁርስ ትሰጠኝና ወደዚያ ታቀናለች። ቋንቋ አይግባቡም እኮ! እናቴ ከአማርኛ ሌላ የምታውቀው ኦሮምኛ ነው፤ ኛቢየል ደግሞ ከገበያ አማርኛ አታልፍም። ምን እንደሚያወሩ እንጃላቸው፣ ግን ሲስቁ ይሰማኛል። ኛቢየል የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች፣ እናቴ በማታውቀው ዜማ እህህ እያለች ታጅባታለች። ለኔ አንድ ቀን እንኳ አላንጎራጎረችልኝም።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። አንድ ቀን በአጥሩ አጮልቄ ሳይ፣ ለኔ ሆድ ተብሎ ከጎሬ የመጣው ቅቤ በዚያች ሆድ ላይ ይቀባል። እርር ድብን አልኩ። ተሰማ ምሳ ሲመጣ እናቴ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አልኩት። ተሰማ አንገቱን ወደ ሳህኑ ደፋ። እናቴ ወጥ ጨመረችልኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመጠቅለያዎቼ መሃል ለስላሳ ለስላሳዎቹ ጎደሉ። የት ሄዱ ብዬ ስጠይቃት፣ ያቺ ምንም የላትም፣ ለልጅሽ የቀረው ይበቃል አለችኝ። ደግሞ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብላ ልትመክረኝ ቃጣት። እኔ የሩቅ ዘመድ ሆኜ አረፍኩት።

ከሁሉ ግን ያቃጠለኝ ስሙ ነው። ልጅቷ እኔ ስጣራ ሰምታ ነው መሰለኝ እናቴን "እማዬ" ማለት ጀመረች። "እማዬ" ስትል አንዳንዴ ሁለታችንም ባንድ አፍ የጠራናት ይሆናል፤ እናቴም "ወዬ" ትላለች። ለማንኛችን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔ መንታ እህት አልወለድሽልኝም፣ ይቺን ከየት አመጣሻት ብላት ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ሥራዬ ሁሉ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ያቺን መሰለል ሆነ። መቼ ከባሮ ውኃ ይዛ እንደምትመለስ፣ የቱን ጎኗን እንደሚያማት፣ በሙቀጫዋ መቼ በቆሎ እንደምትወቅጥ፣ ስትቀመጥ በየትኛው እጇ እንደምትደገፍ ሁሉን አውቀዋለሁ። ጣውንቴ ብትሆን እንደዚያ አልከታተላትም።

እንዲህ ሳይ ነው እናቴ ምጥ ስታስተምራት ያየሁት። ማቻር ከሌለ ማን ይጠራኛል ብላ ፈርታ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሆዷን ይዛ፣ "ኡኡ! ማርያም! ድረሱልኝ!" እያለች ጮኸች፤ ቀጥላ ወደ ኛቢየል ጠቆመች፣ ወደ አጥሩ ጠቆመች። ሲጀምርሽ ጩኺ፣ ሰምቼ እመጣለሁ ማለቷ ነው። ኛቢየል አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "የኔ እናት፣ ምጥ ጩኸት የለም አለች። ጩኸት ነውር" አለቻት። እናቴ ጨዋታ መስሏት ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋት ተመለሰች። በኛ አገር ሳይጮህ የሚወልድ ሰው የት ታውቃለች? ለሷ ምጥ ማለት ጩኸት ነው፤ ጩኸት ከሌለ ምጥ የለም።

ምጡ የመጣብኝ ጠዋት ነው፣ ተሰማ ለሰልፍ ልምምዱ ከወጣ በኋላ። ከሜዳው ከበሮው ይሰማል። እናቴ ልትሾልክ አጥሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ "እማዬ!" ብዬ ስጮህ ነጠላዋ ሸምበቆው ላይ ተይዞ ሲቀደድ ዞር ብላም ሳታየው ሮጣ መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጇን ሰጠችኝ። ምጥ ላይ ሆና ደስ ያላት ሴት ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ሕመሙ ሲመጣ እጇን እጨምቀዋለሁ፣ ሲለቀኝ እንኳ አልለቀውም። ዛሬ የኔ ናት፣ ዛሬ የትም አትሄድም እያልኩ በልቤ እፎክራለሁ።

ከአጥሩ ወዲያ ኛቢየል መውቀጥ ጀመረች። ዱም፣ ዱም ይላል ሙቀጫው። እናቴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ ወይ ብርታት፣ በዚህ ወሯ ትወቅጣለች አለች። እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ ልቧ እዚያ ሄደ። እኔ ያን ሁሉ እየጮህኩ ብርቱዋ ያቺ ሆነች። እንድትሰማላት ብላ ነው የምትወቅጠው ብዬ ተንገበገብኩ።

እየቆየ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘኝ። ሙቀጫው ይሄድ ይሄድና ቀጥ ይላል። ዝም። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ይሄ የወትሮ አወቃቀጧ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አንዴ ከጀመረች ዱቄቱ ሳይወጣ አታቆምም። የዝምታው ርዝመት ደግሞ እንግዳ አልሆነብኝም። እኔ ጥርሴን ነክሼ እጅ የምጨምቅበትን ያህል ነው የምታቆመው። ሲለቃት ትወቅጣለች፣ ሲይዛት ታቆማለች። እየተቀራረበም መጣ። ከዚያ አንዴ ቆመና ሳይጀምር ቀረ።

የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም በይ ሽታዬ አለኝ ልቤ። እጇን ይዘሻታል፣ ለዚች ቀን ስንት ጊዜ ተሳልሽ፤ ያቺ ባል አላት፣ ዘመድ አላት፣ አገሩም አገሯ ነው። ይህን እያሰብኩ ሌላው ሕመም መጣና አጣመመኝ። ሲለቀኝ ጆሮዬን ጣልኩ። ሙቀጫው ዝም ብሏል።

"እማዬ፣ ኛቢየል ምጥ ይዟታል" አልኳት።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!" ብላ ላቤን ጠረገችልኝ። ቢጀምራት ትጮህ ነበር፣ ተነጋግረናል እኮ አለችኝ። አትጮህም፣ እናቷ ነውር ነው ብላታለች፣ ራሷን ስትነቀንቅ ባይኔ አይቻለሁ፣ ሙቀጫውን አልሰማሽም እንዴ አልኳት። የሰማሁትን ሁሉ በትንፋሼ ልክ እየቆራረጥኩ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ብድግ አለች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለችና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አልሄድም። ያቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር የማየው አንቺን ነው፤ ያኔ ብቻሽን የወለድሽውን አንቺን። ቅቤውን ስቀባት አንቺን መቀባቴ ነበር። አሁን ግን አንቺው ራስሽ ፊቴ ነሽ። አንዴ ብቻሽን ጥዬሻለሁ፣ ሁለተኛ አልጥልሽም።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከመጣች ጀምሮ፣ ኧረ ከዚያም በፊት፣ ልጄን ከቀበርኩበት ቀን ጀምሮ ልሰማው ስመኝ የኖርኩትን ነው ያለችኝ። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፣ እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። ትንሽ እንኳ ላጣጥመው ፈለግሁ። ግን ብቻን መውለድ ምን እንደሆነ ከሁለታችን የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ ምን ሳደርግ እንደዋልኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለተሰማም ቢሆን።

"ሂጂ እማዬ" አልኳት። "ያኔ ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ነው የዋልኩት፤ አንድ ሰው ይገባል ብዬ። እሷም አሁን በሩን እያየች ነው።"

እጄን ስማ ሮጠች። በቀዳዳው ለመሹለክ እንኳ አልታገሠችም፣ ሸምበቆውን ገንጥላው ስታልፍ ሰማሁት። እኔ ትራሱን ነክሼ ቀረሁ። ወዲያው ከማዶ "ማርያም! ማርያም! ማርያም!" ስትል ጮኸች፤ ኛቢየል ስለማትጮህ ለሷም ጭምር እናቴ ጮኸችላት። ያ ማርያም የኔ ነበር። እንዴት እንደቀናሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ በምጥ መሃል አለቀስኩ፤ ያቺን ልጅ ረገምኳት፣ ረግሜያት ሳልጨርስ ደግሞ እኔም ባለሁበት ማርያም ማርያም ማለት ጀመርኩ። ላንዷ ይሁን ለሁለታችን ለይቼ አላውቀውም።

ኋላ እንደሰማሁት እናቴ ስትደርስ ኛቢየል ሙቀጫዋን አቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አድምታው ነበር። ሕፃኑ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞበት እየወጣ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ አይተርፍም። እኔ የሰማሁት ግን ለቅሶውን ነው፤ ቀጭን፣ የተናደደ የሕፃን ለቅሶ። ከዚያ የእናቴ እልልታ መጣ። እኔም በተራዬ እስከ ባሮ ማዶ የሚሰማ ጩኸት ለቀቅሁት። እናቴ እጇ ሳይደርቅ ተመልሳ ደረሰችልኝ፤ ሴት ልጄንም በዚያው እጇ ተቀበለቻት።

ተሰማ ሲመጣ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ ከሁለት ቤት መመላለስ አልሆንላት ቢል ኛቢየልን ደግፋ ወደኛ አመጣቻት። ልጅቷ ወልዳ በእግሯ መጣች፣ በዚህም ቀናሁ። ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመችና ወደኔ አየች፤ ልግባ አልግባ የሚል አስተያየት ነው። ያለን አልጋ አንድ ነው። እናቴም አንድ ናት። ትንሽ አሰብኩና ወደ ግድግዳው ተጠጋሁላት።

እናቴ ገንፎውን አገንፍታ መሃላችን ተቀመጠች። ከሁሉ በፊት ያጎረሰችው እኔን ነው፣ ይህን አልክድም። ሁለተኛውን ለኛቢየል አጎረሰቻት፤ ኛቢየልም አፏ ሞልቶ "እማዬ" አለቻት። እናቴ "ወዬ" አለች፣ እኔም አፌን ከፍቼ ተራዬን ጠበቅሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሷ ጉርሻ ከኔው ይበልጥ ነበር።