በኢስታንቡልና በካይሮ መካከል

ለጫጉላቸው ኢልሃም ኢስታንቡልን ፈለገች፤ ጠሀ ደግሞ ካይሮን። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ስለተስማሙ ለመከራከር በቂ ጊዜ ነበራቸው። ክርክሩ የከረረ አልነበረም። እሷ በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን እያየች ያደገች ልጅ ስለሆነች ባሕር ለሁለት የከፈለውን ከተማ በጀልባ መሻገር አምሯታል። እሱ ደግሞ ፒራሚድ ሳያይ መሞት አይፈልግም። በመጨረሻ ሁለቱም ይሁኑ ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የቱ ይቅደም፣ በየትስ በኩል ይታለፍ የሚል ነበርና ይህን ለጠሀ ተወችለት።

ጠሀ መገናኛ አካባቢ ሞባይል ይሸጣል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኩ ላይ የበረራ መስመሮችን ሲያገላብጥ ይውላል። አንድ ቀን ኢልሃም ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ላይ እያለች ደወለላት።

«አገኘሁት! ኢስታንቡል፣ ከዚያ አማን፣ ከዚያ ካይሮ።»

«አማን ደግሞ ምን አለ?»

«ፔትራ አለ። ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ከተማ ነው። መንገዳችን ላይ ነው ደግሞ። ማዘርም ያውቁታል።»

መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች ፊቷ ቆመው ስለነበር «እሺ» ብላ ዘጋችው።

«ማዘር» የሚላት የኢልሃምን እናት ሐቢባን ነው። ባሏ ሲሞት ሐቢባ ገና ወጣት ነበረች፤ ኢልሃም ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ። የባሏ ንግድ ከእሱ ጋር አበቃ። ልጅቷን ቀበና ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለሰዓዲያ ሰጥታ ወደ ዮርዳኖስ ሄደች፤ አማን ከተማ አንድ ቤት ተቀጥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ስትመለስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ ከፈተች። ኢልሃም ግን ከሰዓዲያ ቤት አልወጣችም። ሰዓዲያን «እማዬ» ትላታለች፤ ወላጅ እናቷን ደግሞ በስሟ «ሐቢባ» ብላ ትጠራታለች። ሐቢባም እንዲህ በይኝ ብላት አታውቅም።

እናትና ልጅ አይጣሉም፤ ብዙም አያወሩም። ስለ አማን የጠየቃት ሰው ካለ ሐቢባ «ብርዱ ኃይለኛ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ትልቅ ነበር» ትላለች። ከዚያ በላይ አትጨምርም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠሀ ላፕቶፑን ይዞ ከኢልሃም ጋር ሱቁ መጣ። ሐቢባ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የቆረጠችውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

«ማዘር፣ እዚህ ከተማ ስንት ቀን ብንቀመጥ ይበቃናል? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሐቢባ መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ ልጄ? ገበያውን አውቃለሁ። የሊንን ትምህርት ቤት አውቃለሁ።»

«ሊን ማናት?» አለች ኢልሃም።

«የቤቱ ልጅ ናታ። ስቀጠር ጨቅላ ነበረች። ቆይ፣ እሷ ትንገራችሁ።»

ኢልሃም አሠሪዎቹ ልጅ እንዳላቸው ታውቅ ነበር። ስሟን ግን የሰማችው ያን ዕለት ነው። ሐቢባ ስልኳን አንስታ በቪዲዮ ስትደውል ቁጥሩን አልፈለገችም፤ ከላይ ከላይ ካሉት አንዱ ነበር። ወዲያው አንዲት ወጣት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለችና «ማማ ሐቢባ!» ብላ ጮኸች።

ቀጥሎ የሆነውን ኢልሃም በኋላም ደጋግማ አስባዋለች። ሐቢባ በፈጣን ዓረብኛ ታወራለች። ልጅቷ ራሷን ዞር አድርጋ ያሳጠረችውን ጸጉር አሳየቻት፤ ሐቢባ ተቆጣች፤ ልጅቷ አንድ ነገር መለሰችላት፤ በዚህ ጊዜ ሐቢባ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኋላዋ ተለጥጣ ሳቀች። ጨርቅ ሊገዙ የገቡት ሴቶች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩዋት። ኢልሃም እናቷ እንዲህ ስትስቅ አይታ አታውቅም።

መድረሳ የተማረው ዓረብኛ ያልጠፋው ጠሀ «እኛ ቤት ነው የምታርፉት፣ ሆቴል የሚባል ነገር የለም እያለች ነው» ብሎ አስተረጎመ።

ሐቢባ ስልኩን ወደ ኢልሃም አዞረችው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «አንቺማ ኢልሃም ነሽ! ስላንቺ የማላውቀው የለም። አሁንም ውሻ ትፈሪያለሽ?» አለቻት።

ኢልሃም አሁንም ውሻ ትፈራለች። ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠቻትና ሥራ እንዳለባት ተናግራ ከሱቁ ወጣች። የዚያን ቀን ሥራ አልነበራትም። በእግሯ ቁልቁል እስከ ቀበና ወረደች። ቤት እንደደረሰች ለጠሀ መልእክት ላከች፤ «አማንን አውጣው።»

ጠሀ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት ቪዛው ያስቸግራል አለችው። ጠይቆ ሲያጣራ ያን ያህል እንደማያስቸግር ነገሩት። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከሱቁ ጎረቤት መኪና ተውሶ እንጦጦ ይዟት ወጣ። መኪናውን አቁመው በባሕር ዛፎቹ መካከል ባለው መንገድ ሲሄዱ ሯጮች እየተንደረደሩ ያልፏቸዋል። ቀዝቅዞ ስለነበር ኢልሃም ሻርፗን እስከ አገጯ ድረስ ጠቅልላ ነበር።

«እሺ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት።

«ምኑን?»

«አማን ምን አደረገሽ?»

«ስትስቅ አላየሃትም?» አለችው።

«ማንን? ማዘርን? አይቻለሁ። ደስ ይል ነበር።»

«ደስ ይል ነበር?»

ጠሀ ተሳስቶ እንደተናገረ ገባው፤ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳተ አላወቀም። «እህት ያገኘሽ ያህል ቁጠሪው እንግዲህ» አለ። ይህ ደግሞ ባሰ። ኢልሃም ፊቷን አዙራ ወደ መኪናው ተመለሰች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሬዲዮ ከፈተ፤ እሷ ዘጋችው። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ እንዲህ አለችው፦

«ልጅ ሆኜ ከዚያ ስትደውል ታለቅስ ነበር። ሁልጊዜ። እማዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለች፣ እኔ የምሰማው ለቅሶ ነው። በኋላ ስልኩ ሲጠራ መደበቅ ጀመርኩ። ለእኔ ለቅሶውን ላከችልኝ፤ ሳቁ ለዚያች ልጅ ነበር።»

ጠሀ ማታ ላይ አማንን ከመስመሩ አወጣው።

ለሐቢባ ቪዛው አስቸግሮን ነው ብሎ ነገራት። ጠሀ ለሚሸጠው ስልክ እንኳን በወጉ የማይዋሽ ሰው ነው። ሐቢባ አየት አድርጋው «እሺ» አለች እንጂ ሌላ አልጠየቀችም። ሊን ግን አልጋ አንጥፋ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ እየጠበቀች ነበር።

ሙሽሮቹ የሚገቡበት ቤት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። መጋረጃውን ሐቢባ ራሷ ሰፍታዋለችና ልትሰቅል ስትሄድ ኢልሃም አብራት ሄደች። ቤቱ ገና ዕቃ አልገባበትም፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ያስተጋባል። ሐቢባ ጥበቃው ያዋሳትን ወንበር መስኮቱ ሥር አድርጋ ወጣችበት። ኢልሃም መንጠቆዎቹን በእጇ ይዛ አንድ በአንድ ታቀብላታለች።

ሐቢባ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች «ቪዛው አይደለም፣ አይደል?» አለች።

«አይደለም።»

«ሊን ናት?»

ኢልሃም መንጠቆ አቀበለቻት። «በየስንት ጊዜው ነው የምትደዋወሉት?»

«ጁምዓ ጁምዓ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ኢልሃም ለጠሀ የነገረችውን ለእናቷም ነገረቻት፤ ስለ ለቅሶው፣ ስልኩ ሲጠራ ስለ መደበቋ። ሐቢባ መጋረጃውን እንደያዘች ሰማቻት። ከዚያ ከወንበሩ ወርዳ እዚያው ተቀመጠችበት።

«ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር አለ» አለች። «ያቺን ልጅ ሳጥብ፣ ጸጉሯን ስሠራ፣ የራሴን ልጅ እያሰብኩ ነበር እላለሁ። ሁላችንም ከዚያ የመጣን እንዲህ ነው የምንለው። መጀመሪያ እውነት ነበር። ጸጉሯን ስይዝ ያንቺን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን አልነበረም። የራሷን ጸጉር ነበር የምሠራው። ወደድኳት። ስትታመም አልተኛም ነበር፤ ደመወዝ ስለሚከፈለኝ አይደለም። እኔ ልጅ አሳድጌያለሁ ኢልሃም። አንቺን ግን አይደለም፤ አንቺን ያሳደገችሽ እህቴ ናት። ይሄን ምን ብዬ ነው የምነግርሽ?»

ኢልሃም አላለቀሰችም። ሐቢባም አላለቀሰችም። ታች ግቢው ውስጥ ሰዎች ሶፋ እያወረዱ «ቀስ! ቀስ!» ሲባባሉ ይሰማል።

«በግራ በኩል ዝቅ ብሏል» አለች ኢልሃም።

«የቱ?»

«መጋረጃው።»

ሐቢባ ተነሥታ ወንበሩ ላይ ወጣችና አስተካከለችው። ሌላውን ክፍልም ሠርተው ጨርሰው አብረው ታክሲ ያዙ። መንገድ ላይ ሐቢባ ስለ ሠርጉ ምግብ አወራች፤ ኢልሃም መለሰችላት።

ለጥቂት ቀናት ኢልሃም ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረችም። ንዴቱ አልወጣላትም። ነገር ግን ከንዴቱ ሌላ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ምን ብላ እንደምትጠራው አላወቀችም። በልጅነቷ ከእናቷ ይልቅ ሰዓዲያን እንደምትወድ ታውቅ ነበር፤ ይህም እንደ ኃጢአት ስለሚሰማት ሐቢባ ባለችበት ሰዓዲያን ማቀፍ ትታ ነበር። ሐቢባ ደግሞ በበኩሏ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ሆና ጁምዓ ጁምዓ ትስቅ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም አንዱን ነገር አንዷ ከአንዷ ሲደብቁ ኖረዋል።

አንድ ምሽት ሰዓዲያ ሳሎን ሶላቷን ጨርሳ ስትነሣ ኢልሃም ጠየቀቻት፦ «እማዬ፣ ሐቢባ ከዚያች ልጅ ጋር እንደምትደዋወል ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«አልከፋሽም? አንቺ የእሷን ልጅ እያሳደግሽ እሷ...»

ሰዓዲያ መስገጃዋን አጠፈች። «ለምን ይከፋኛል? ልጇን ነጠቅኳት እያልኩ ስጨነቅ ነበር የኖርኩት። ባዶ እጇን አለመቅረቷን ስሰማ እኔ እፎይ ነው ያልኩት» አለች።

በማግስቱ ኢልሃም ለጠሀ ደወለች።

«አማንን መልሰው።»

«ቪዛውስ?»

«ጠሀ!»

«እሺ፣ እሺ። ስንት ቀን?»

«ሁለት ሌሊት። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ኢስታንቡል ዝናብ ጠበቃቸው፤ ኢልሃም ግን ጀልባው ላይ ከውጭ በኩል ተቀምጣ እስክትበሰብስ ድረስ አልገባም አለች። ከዚያ ወደ አማን በረሩ።

ሊን ኤርፖርት አበባ ይዛ ጠበቀቻቸው። በአካል ስትታይ ከስክሪኑ ይልቅ ቀጭንና ዓይን አፋር ናት። መኪና ውስጥ ሲገቡ የምታወራው አጥታ ስለ ትራፊኩ ብቻ ይቅርታ ስትጠይቅ ነበር። ኢልሃምም ብዙ አልረዳቻትም። የሊን እናት በሩ ላይ በትሕትና ተቀበለቻቸው፤ ሐኪም ናትና ትንሽ ተቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። የቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች በአንዱ ሐቢባ አለች። ከኢልሃም የአሁን ዕድሜ ብዙም የማትበልጥ ሆና ሕፃን አቅፋ ትታያለች። ኢልሃም ፎቶው ሥር ቆመች። ጠሀ ሊጠራት ፈልጎ ተወው።

እራት ቀረበ። ኢልሃም ከሩዙ ጥቂት ቀምሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሊን ይህን አየች። ቂጣ ቆረሰች፣ ከሥጋው ጨመረችበት፣ ጠቀለለችው፤ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወደ ኢልሃም አፍ አስጠጋችና በተሰባበረ ግን በማያሻማ አማርኛ «አፈር ስሆን» አለቻት።

ጠሀ የያዘው ውኃ ትን አለው።

«ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች ኢልሃም።

«‹ብይ› ማለት አይደል?» አለች ሊን። ፊቷ ቀልቷል፤ እጇ ግን አልተመለሰም። «አልበላም ስል እንዲህ ትለኝ ነበር። ተሳሳትኩ እንዴ?»

ሐቢባ ከዮርዳኖስ ስትመለስ ኢልሃም ለጉርሻ አፏን የምትከፍትበት ዕድሜ አልፎ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሐቢባ ስትሞክር ኢልሃም ሳህኗን ይዛ ወደ ሰዓዲያ ዞረች፤ ከዚያ በኋላ ሐቢባ አልሞከረችም።

«አልተሳሳትሽም» አለች ኢልሃምና ጎረሰች። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። ሊን ሁለተኛ ማዘጋጀት ጀመረች፤ አንድ ያጣላል የሚለውንም ተምራ ነበር።

በማግስቱ ሊን ራሷ እየነዳች ፔትራ ወሰደቻቸው። ጠሀ አንድ ግመል ላይ ወጥቶ መውረድ ስላቃተው ሁለቱ ሴቶች እየሳቁ ቀረጹት። ከዚያ ወደ ካይሮ ሄዱ፤ ፒራሚዱም ጠሀ እንዳሰበው ትልቅ ነበር።

ኢልሃምና ሊን አሁን ብዙ አይደዋወሉም። ለዒድ መልእክት ይላላካሉ። ሊን ልታገባ ነው የሚል ወሬ በቅርቡ ተሰምቷል፤ ለጫጉላዋ አዲስ አበባን ከዛንዚባር ጋር ለማገናኘት መስመር እንዲፈልግላት ጠሀን ጠይቃዋለች።