ፍየል የጋጣት ጥድ

ብርሃንነሽ ከለቀስተኞች መካከል ተቀምጣ ሳለ ከጓሮ በረንዳ የፒንሳ ድምፅ ሰማች። ቅጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቅጭ። በዚህ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ስትነጫነጭ የኖረች ሴት ናትና አልተሳሳተችም፤ የባሏ የጣሰው ፒንሳ ነው። ችግሩ ጣሰው ትናንት መቀበሩ ነው።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ከድንኳኑ ስትወጣ ሴቶቹ ብቻዋን ልታለቅስ የሄደች መስሏቸው ከንፈር መጠጡላት። በረንዳው ላይ የጣሰውን ታላቅ ወንድም ወልደሰማያትን ተንበርክኮ አገኘችው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ለቀብሩ ለጥቂት የደረሰ፣ ጡረታ የወጣ የወህኒ ቤት ዘበኛ ነው። ከፊቱ የጣሰው ሰባት ድንክ ጥዶች በየሸክላ ጣባቸው ተደርድረዋል፤ ከጎኑ ደግሞ ከቅርንጫፎቻቸው የተፈታ ሽቦ ተከምሯል።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?»

«እየፈታኋቸው ነዋ» አላት ቀና ሳይል። «ሰባት ነፍስ አስሮ ሄዶ የእሱ ነፍስ እንዴት ትረፍ? ሃያ ስምንት ዓመት እስረኛ ስጠብቅ እኔ እንኳ አንዱን በሽቦ ጠምዝዤ አላውቅም።»

ብርሃንነሽ ልትቆጣ ብላ ከክምሩ አንድ ሽቦ አነሣችና መልሳ ጣለችው። ቅርንጫፎቹን እንዲያ ለማጉበጥ ስንት ክረምትና በጋ እንደፈጀ ታውቃለች። ግን እነዚህን ጥዶች አውጥቼ እጥላለሁ እያለች በየፋሲካው ስትዝት የኖረችውም እሷው ናት።

ጣሰው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ለዘመቻ ችግኝ አፈላ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ዘመቻው ግን አልተለወጠምና ጡረታ እስኪወጣ ማፍላቱን ቀጠለ። አንድ ጊዜ በከተማው እርሻ ኮሌጅ ሊያስተምር የመጣ ጃፓናዊ፣ ጥድን በጣባ ውስጥ አሳንሶ የማኖር ጥበብ አሳየው፤ ስሙም ቦንሳይ ነው አለው። በሚኖሩበት በአወቱ መንደራ ይህን ስም የተቀበለ የለም። ሰፈሩ «የጣሰው ድንኮች» ይላቸዋል። መቶ ሺህ ችግኝ አሳድጎ ለአገር የሰጠ ሰው ለራሱ ሲሆን አላሳድግም አለ እያሉም ይስቁበት ነበር።

ከጣቢያው ግን አንድም ችግኝ ወደ ቤቱ አምጥቶ አያውቅም። ቀጥ ብሎ፣ ተመችቶት ያደገ ጥድ አይረባውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሰቃ መንገድ ወይም በሊሙ ገነት በኩል ይወጣና ድንጋይ የተጫነውን፣ ከብት የረገጠውን፣ ፍየል የጋጠውን ሲፈልግ ይውላል። ሲያገኝ ቅጠሉን ቀና ብሎ አያይም። ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይጠርግና ሥሩ ምድሪቱን እንዴት እንደጨበጠ ይመለከታል። ከዚያ ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ መቅጠኑን፣ ቅርንጫፉ ከታች መጀመሩን ያያል። የደረቀውን ወገን እንኳ አይጥልም፤ ልጡን ልጦ እንደ አጥንት እንዲነጣ ይተወዋል። «ሥሩን ሳታዪ ቅጠሉን አትመኚ» ይላት ነበር።

ብርሃንነሽንም የመረጣት እንዲሁ ነው። ሽማግሌ ይዞ አባቷ ቤት የመጣ ቀን ዓይኑን ከእግሯ ላይ ስላላነሣ፣ ዓይን አፋርነቱን ወዳለት ነበር። ከተጋቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት «አቋቋምሽን እያየሁ ነበር» ብሎ እውነቱን ሲነግራት አንድ ሳምንት አኮረፈችው።

ወልደሰማያት ሰባተኛውን ፈትቶ ሲጨርስ ስምንተኛዋን በአገጩ አመለከተ። እሷ ገና ጣባ ውስጥ አልገባችም፤ በሣጥን አፈር ቆማለች፤ ሽቦም መቀስም አልነካትም። «ይቺ ንጹሕ ናት። ነገ ሠልስቱ ላይ መቃብሩ ራስጌ እተክላታለሁ» አለ።

«ይውሰዷት» አለች ብርሃንነሽ፣ እሷኑም በገረማት ፍጥነት።

ከስምንቱ ሁሉ አምርራ የምትጠላው ይህችን ነው። ጣሰው ከሰቃ ቆፍሮ ካመጣት ሁለት ዓመቷ ነው። በየማለዳው ባለሦስት እግር በርጩማውን ያመጣና ከአጠገቧ ይቀመጣል፤ ያያታል፤ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ብርሃንነሽ ከኩሽናው በር ላይ ሆና፣ መቼ ነው የምትቆርጣት ትለዋለች። ዛፍ ሁሉ ፊት፣ ማለት አምሮ የሚታይበት ወገን አለው፣ ፊቱን ሳያገኙ መቀስ ማንሣት ነውር ነው፣ የይቺን ገና አላገኘሁም ይላታል። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እሷን እንዲህ ቁጭ ብሎ አይቷት አያውቅም። በሞተበት ጠዋት እንኳ በዚያው በርጩማ ላይ ነበር። ሴት ብትሆን ጸጉሯን ትነጫት ነበር፤ ዛፍ ሆነችባት እንጂ።

በማግስቱ ከጸሎቱ በፊት ወልደሰማያት ጋሪ አስጠርቶ ዛፏን ጫናት። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ እንዳትወድቅ ሲል ትናንት በፈታው ሽቦ ጥፍር አድርጎ አሰራት።

ጋሪው ደጃፉን ሊለቅ ሲል ጀቤሳ ደረሰ። የሰቃ ገበሬ ነው፤ መርዶውን ገበያ ላይ ሰምቶ በእግሩ መጥቷል። ድንኳን ከመግባቱ በፊት ጋሪው ላይ ዓይኑ አረፈና ቆመ።

«ይቺ የእኔ ዛፍ አይደለችም እንዴ? ወዴት ነው የምትሄደው?»

ወደ መቃብር ነው አሉት። ጀቤሳ ራሱን ነቀነቀና ብርሃንነሽን ፈልጎ አገኛት።

«አዴ ብርሃንነሽ፣ ይቺን ፍየሎቼ ሃያ ዓመት ጋጧት። እኔም ሁለት ጊዜ በገጀራ መታኋት። እምቢ አለች። ኦቦ ጣሰው ያያት ቀን ተንበርክኮ ሥሯን ጠረገና ምን አለኝ? ይቺ ባለቤቴን ትመስላለች አለኝ።»

የድንኳኑ ሰው ለመስማት አንገቱን አሰገገ፤ ጀቤሳ ቀጠለ።

«ልጃችንን ቀበረች፣ ቤቱን ተሸከመች፣ ሁሉም ጋጣት፣ እኔም ጭምር፤ ግን ቆማለች አለኝ። ከዚያ ፍየሎቼን አመሰገነ። ወላሂ፣ እያንዳንዳቸውን እየዞረ ነው ያመሰገነው።»

ብርሃንነሽ ሳቀች። ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ቄስ ባሉበት፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ ፍየሎቹን እየዞረ ሲያመሰግን ታያት። ጎረቤቷ ከድጃ ሮጣ በሻርፕዋ ሸፈነቻትና «ያ ረቢ፣ ሰው ያይሻል፣ አልቅሺ እንጂ» አለቻት በጆሮዋ። እየሳቀችም እያለቀሰችም መሆኗን ከድጃ ከሻርፑ ሥር ገብታ ስታይ አቀፈቻት።

ከዚያ ብርሃንነሽ ወደ ጋሪው ሄደች።

«ጋሼ፣ ያውርዷት።»

ወልደሰማያት ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሰውም ሰምቷል፣ ራስሽ ይውሰዷት ብለሽ አልነበረም ወይ አላት። ሁሉም እውነት ነበር።

«ብዬ ነበር። አሁን ግን አይሆንም። ለመቃብሩ ከጣቢያው ቀጥ ያለ ችግኝ ይውሰዱለት፤ እዚያ መቶ ሺህ አለው። እሷን ግን ይፍቱልኝ።»

መፍታት የሚለውን ቃል ሲሰማ የዘበኛው ፊት ለሰለሰ። ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ።

ጀቤሳና ወልደሰማያት ሣጥኑን ተሸክመው በረንዳው ላይ በቀድሞ ቦታው፣ በቀድሞ አቅጣጫው አስቀመጡትና ወደ ጸሎቱ ሄዱ። ብርሃንነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተንበረከከች። አፈሩን በጣቷ ጠረገች። ሥሮቹ ወፍራምና ጠባሳ የሞላባቸው ናቸው፤ ምድሪቱን ጨብጠው አልለቀቁም። የራሷን እግር አየች፤ ሃያ ዓመት ገደማ ዘግይታ ባሏን ይቅር አለችው።

እጇን ልትታጠብ ወደ ኩሽናው ገብታ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ሆና ዛፏን አየቻት። ግንዷ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ይነሣል፤ የደረቀው ቅርንጫፍ በግራ ነጥቶ ቀርቷል፤ ከበላዩ አረንጓዴው ሰፍቶ ተዘርግቷል። ፊቷ ይኸው ነው። እንኳን ጣሰው ፍየሎቹም አይስቱትም።

የጣሰው በርጩማ ከዛፏ ማዶ እንደነበረ ነው፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው የሚያየው የዛፏን ጀርባና የኩሽናውን በር ነው። ሁለት ዓመት በየማለዳው በዚህ በር ቆማ ስትጨቀጭቀው እሷ ያየችው የእሱን ፊት ነበርና ዛፏን አላየቻትም። እሱም ፊት ሲፈልግ የኖረው እሷ ከምትታይበት ወገን ሆኖ ነበር፤ በየማለዳው ከዛፏ ጋር እሷንም ያይ ነበር።

ከድንኳኑ ጸሎቱ ሊጀመር ነው ብለው ጠሯት። ብርሃንነሽ መጣሁ አለችና በረንዳውን ተሻግራ በርጩማውን አነሣች። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ከኩሽናው በር አጠገብ፣ እሷ ከምትቆምበት ጎን አስቀመጠችው።