ማሽኑን አታሳርፉት

«ማሽኑን አሳርፊው» ሲሉኝ ነው ደሜ የፈላው። በሬ ነው እንዴ? የገበሬዎች ዩኒየናችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘውገ የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያውቁትን ደግሞ አብልጠው ያውቁታል።

«ኢየሩስ፣ ከብትም በቀትር ያርፋል። ይሄ ምስኪን ሲለፋ ውሎ ደርቆ ቀጥ ቢል ምን ይገርማል?» አሉኝና ትእዛዝ አወጡ፤ በምሳ ሰዓት ማንም እንዳይነካው። በማግሥቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋአለም በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ይዘው መጡና ስክሪኑን እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ሸፈኑት።

ማሽኑ የስንዴ ማጨጃውን የኮምባይነር ወረፋ የሚይዘው ሰርቨር ነው። ሥርዓቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ገበሬው ይመዘገባል፣ ማሽኑ ተራውን ያወጣል፤ ተራህ ካልደረሰ የማንም የአጎት ልጅ ብትሆን አይሰማህም። ከዚያ በፊት ወረፋው በወረቀት ነበር። በወረቀት ጊዜ ዘመድ ያለው ይቀድማል፣ ዘመድ የሌለው ስንዴውን ዝናብ ይመታበታል። አባቴ ዘመድ አልነበረውም። አንድ ዓመት ስንዴያችን በቆመበት በቀለ፤ እናቴ ማሳው ዳር ቆማ ስታየው ፊቷ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ወረቀት የሚባል ነገር ተመልሶ እንዲመጣ አልፈልግም፣ ለማንም።

አዝመራው ሲገባ ግን ማሽኑ መድረቅ ጀመረ። ቀጥ ይላል። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት እንኳ ቁልፏን ብትጫን አትበራም። አንዳንድ ቀን ደህና ይውላል፣ ሲያሻው ይደርቃል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ይብስበታል። አጥፍቼ እስካስነሳው ድረስ በር ላይ ወረቀት ይወጣል። የአቶ ዘውገ ዘመዶችም ከየት እንደሚሰሙ እንጃ፣ ከተፍ ይላሉ።

ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት መሳይ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ከተማ ወደ ሮቤ ላከ። «የክፍለ ሀገር መብራት ነው» ብሎ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ። ደረቀ። «የስንዴ አቧራ ነው» ብሎ ሆዱን ከፍቶ ጠረገው። ደረቀ። «ሥራ በዝቶበታል» ሲል ግን አቶ ዘውገ ደስ አላቸው። የማሳረፉ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«ችግሩ ከርነሉ ላይ ነው» አልኩ። ከርነል ማለት ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚያዘው፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚታዘዙለት የሥርዓቱ እምብርት ነው። አንድ ፕሮግራም ሲያጠፋ ከርነሉ ይገድለዋል፣ ለምን እንደገደለውም ይጽፋል። እዚህ ግን ምንም የተጻፈ ነገር የለም። የሚጽፈው ራሱ ነው የደረቀው።

መሳይ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ከርነል ሮቤ ላይ ተቀምጠው የሚነካኩት ነገር አይደለም።»

«ሮቤ ላይ ተቀምጦ ደርቋል፤ ሮቤ ላይ ተቀምጦ ይድናል» አልኩት። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ብርድ ነው ያሳደገኝ፣ በሳቅ አልሸሽም።

አቶ ዘውገ ሰኞ ዕለት ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። «እስከ ዓርብ። ዓርብ ከሰዓት ደርቆ ካገኘሁት ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን። አንቺም ደክሞሻል፤ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና እረፊ።»

ዓርብ ከሰዓት የኮምባይነሩ ተራ የኦቦ ጃለታ ነበር። የጎሮ ሰው ናቸው። ስንዴያቸው ደርሶ አንገቱን ደፍቷል፣ የጎሮ ሰማይ ደግሞ ጠቁሯል። ወረቀት ከወጣ ማን እንደሚቀድማቸው አውቃለሁ፤ የአቶ ዘውገ ዋርሳ፣ የሚስታቸው ወንድም፣ ከሰኞ ጀምሮ ግቢውን ይዞረው ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ ተመልሼ ዳንቴሉን ስገልጥ ደርቋል። «ይኸው፣ ሥራ ልንጀምር ስንል ደረቀ» አለ ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ዲኖ። ስክሪኑ ራሱን እንዳያጠፋ አድርጌው ስለነበር ሁሉም ነገር እንዳለ ይታያል። ዓይኔ ጥጉ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ ቀረ። ማሽኑ ሲደርቅ ሰዓቱም ይቆማል። የቆመው ደግሞ አሁን አይደለም፤ እኛ ሽሮ ፊት ተቀምጠን በነበርንበት ሰዓት ነው። ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን፣ ዳንቴሉን እንደለበሰ።

እዚያው ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። የሚያደርቀው ሥራ አይደለም፣ ዕረፍት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ መብራት ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ዝምታው ከበዛ ደግሞ ጥልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። የሚያስተኛው ከርነሉ ነው። የእኛው ማሽን ከዚያ ጥልቅ እንቅልፍ አንዳንዴ አይነቃም። ማታ አጥፍተነው ስለምንሄድ ሌሊቱ አላሳበቀበትም። ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን በያዝኩት፤ አንዳንዴ መሆኑ ነው ልቤን ያወለቀው። ለካ ድሮም ዓርብ ዓርብ የሚብስበት ዲኖና ጓደኞቹ ጁምዓ፣ እኛ ምሳ ስንሄድ ቢሮው ጭር ስለሚል ነው። አቶ ዘውገ ደግሞ አዘንኩለት ብለው በየቀኑ ዓርብ አደረጉበት።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት የማይረባ ስሌት ሰጥቼው ወጣሁ። ሲደምር ሲቀንስ ቆየ፣ አልደረቀም። ሐሙስ ስሌቱን አነሳሁበት፣ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ከርነሉ ሲነሳ በሚያነበው የትእዛዝ መስመር ላይ ጥልቅ እንቅልፍ ክልክል ነው ብዬ ጻፍኩበትና ለመሳይ ደወልኩ።

«መብራት ይፈጃል እኮ» አለኝ።

«ይፍጅ። ስንዴ ከሚበሰብስ መብራት ይፍጅ።»

ዓርብ ረፋድ አቶ ዘውገ ዳንቴሉን ሊያለብሱት ሲሉ ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ግቢው ሁሉ ሰዓቱን እንዲያይ። «በሩን ይቆልፉትና ቁልፉን ራስዎ ይያዙ። ማንም አይነካውም፣ እኔም ጭምር። ሰዓቱ ከቆመ ወረቀትዎን ያውጡ።»

«እልኸኛ» አሉኝና ቆለፉት።

ዲኖ ጁምዓ ሄደ፣ ሌላው ምሳ ሄደ። መስኮቱ ሥር እኔና ኦቦ ጃለታ ቀረን። ሰከንዷ በዘለለች ቁጥር ልቤ አብራ ትዘላለች። ፈርቼ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ከርነል ነው፣ አዝመራው ከገባ ጀምሮ ሲያሾፍብኝ የከረመ።

«ኢንተላኮ፣ ይሄ ቁጥር ከቆመ ስንዴዬ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አባቴም ሲከፋው በኦሮምኛ እንዲሁ ይለኝ ነበር።

«ከቆመ እኔም ቀረሁ።»

«እንግዲያው አብረን እንየው» ብለው ጋቢያቸውን አነጠፉልኝ። ሰማዩ በጎሮ በኩል አንዴ አጉረመረመ። እሳቸው ወደ ላይ ቀና አላሉም፤ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ነበር።

ዲኖ ኮፍያውን እንዳደረገ ተመለሰ። «ሞተ?»

«ዓይን የለህም?» አልኩት። ሰዓቱ ይሄዳል።

አቶ ዘውገ ዋርሳቸውን አስከትለው መጡ። በሩን ከፈቱ። ዲኖ ገብቶ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ስክሪኑ ላይ የኦቦ ጃለታ ስም ወጣ። አቶ ዘውገ ሰዓቱን አዩ፣ የእጃቸውን ሰዓት አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ዕድል ሆኖልሽ ነው። ለማንኛውም አንቺ ፈቃድሽን ውሰጂ።»

ዳንቴሉን አራት ቦታ አጥፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። «ለወይዘሮ ሸዋአለም ይመልሱልኝ፤ እጃቸውን ይባርከው። ለማሽኑም አይሆን፣ ለእኔም አይሆን። አዝመራው ሳያልቅ የሚያርፍ የለም።»

ዳንቴሉን ተቀብለው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ውጭ ኮምባይነሩ ተነሳ። ኦቦ ጃለታ ከሾፌሩ ጎን ወጡና ጋቢያቸውን እንኳ መልሺልኝ ሳይሉኝ ወደ ጎሮ ሄዱ።

ዋርሳቸው ግን አልሄደም። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «የእኔስ ተራ መቼ ነው?» አለኝ።

«ተመዝግበሃል?»

አልተመዘገበም። በሕይወቱ ተመዝግቦ አያውቅም። ከበሩ ውጭ ያለውን ሰልፍ በጣቴ አሳየሁት።